የክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ቁልፍ

በሰፈሩ ሰው ዘንድ «እትዬ መጣሁ» እየተባሉ የሚጠሩት እናታችን፣ አክስታችንና ጎረቤታችን፣ ከቆርቆሮ መቺ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። ስለ ዕለቱ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም። መታወቂያቸው አንድ ቀን ይላል፤ እናታቸው ግን «ከዚያ ቤት ባስወጡን በአራተኛው ቀን ነው» ይሉ ነበር። የትኛው ቤት ሲባሉ «እሱን እንኳ ተዉኝ» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ይመለሱ ነበር። ያም ሆነ ይህ ሰባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ከዚህ ውስጥ ተቀምጠው ያሳለፉት ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም።

አባታቸው የሰው ጣሪያ ሲመቱ ኖረው ለራሳቸው ጣሪያ ያልበቁ ሰው ነበሩ። በዚህም ምክንያት እትዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ዐሥራ አንድ ጊዜ ቤት ቀይረዋል። «ቀይረዋል» የሚለው የትህትና አነጋገር ነው፤ ተባረዋል። ከፊደል በፊት የገመድ አስተሳሰር ተማሩ። ፍራሽ ከታች፣ ሳጥን ከመሃል፣ ብርጭቆ በእናት ጭን ላይ እንደሚሆን ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ትምህርታቸውን በስድስት ትምህርት ቤቶች ተከታትለው ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀዋል። አንዱን ትምህርት ቤት ለቀው ሌላው ጋ ሲደርሱ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ስለሚጀመር የውሃን ዑደት አራት ጊዜ ተምረዋል። ክፍልፋይ ግን አንዱ ጋ ሲገቡ አልፎ፣ ሌላው ጋ ሲወጡ ሳይደርስ፣ እንደተላለፉ ቀሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ግማሽ የሚባል ነገር አልተቀበሉም። «ግማሹ ሰው ተስማምቷል» ሲሏቸው «ግማሽ አላውቅም፤ ስንት በር ነው?» ይሉ ነበር።

በሃያ ዓመታቸው በከተማ አውቶቡስ ድርጅት በትኬት ቆራጭነት ተቀጥረው ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል። ድርጅቱ ከኋለኛው በር አጠገብ መቀመጫ ሰጥቷቸው ነበር። የተሳፋሪ ዕቃ ያስቀምጡበት ነበር። እሳቸው ከፊት በር እስከ ኋላ በር እየተመላለሱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ውጭ የቀረ ሰው አለ!» ሲሉ የሰማ ሰው ሁሉ፣ አንድ እግሩን ማንሻ ቦታ ባይኖረውም ይጠጋ ነበር። አንድ ሾፌር ሲያስታውሱ፣ በአንድ የዝናብ ጠዋት ውጭ አንድም ሰው እንዳልቀረ ቢነግሯቸው እትዬ «አንተ ገና ሁሉንም አላየህም» ብለዋቸዋል።

«መጣሁ» የሚለው ስም የወጣላቸው ከየትኛውም ጨዋታ መሃል ብድግ ብለው «መጣሁ!» ብለው ስለሚሄዱ ነው። እውነትም ይመጡ ነበር። ችግሩ በመሃል አራት ቤት መግባታቸው ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የዚያው ድርጅት መካኒክ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ባለቤታቸው ሥራቸውን የሚሠሩት አውቶቡስ ሥር ተኝተው ስለነበር፣ እትዬ ለአንድ ወር ያህል ያወቁት እግራቸውን ብቻ ነበር፤ እግሩም መልካም ነበር። የባለቤታቸው ትልቁ ችሎታ ቁጭ ማለት ነው። «ቤት ውስጥ አንድ የተቀመጠ ሰው ካለ ይበቃል» እያሉ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍቅር ኖረዋል። ሴት ልጃቸው የሂሳብ መምህርት ሆኑ፤ ክፍልፋይ ያስተምራሉ። ወንድ ልጃቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው።

በሠላሳ ዓመታቸው ከባለቤታቸው ጋር ዛሬ ሁላችሁም ወደምታውቁት ባለ ሠላሳ ስድስት ክፍል ሕንፃ ገቡ። ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው እንደወጡ በመጀመሪያው በር። ዕቃቸውን ያሰሩበትን ገመድ ግን አልጣሉትም። ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ለዓመታት ተቀመጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ገመዱን አውጥተው በረንዳው ላይ ወጠሩትና ልብስ ማስጫ አደረጉት። ባለቤታቸው ይህን አይተው፣ ከሥራ ሲመለሱ አዲስ የልብስ መቆንጠጫ ይዘው መጡ።

ጠቡም የተጀመረው ከዚህ ገመድ ነው። በትክክል ከክፍል ዐሥራ ዘጠኝ በታች፣ በክፍል ዐሥር፣ ልብስ ሰፊው ይኖራሉ። የእትዬ አንሶላ ልብስ ሰፊው ሰፍተው በጨረሱት ሱፍ ላይ ተንጠባጠበ። «እትዬ፣ ዝናቡን ከላይ ነው የምናውቀው!» አሏቸው። «እኔም ከላይ ነኝ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ከዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ረፋድ ላይ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ወደቁ። እትዬ ሥራቸውን ከለቀቁ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ያን ቀን የታመመች ጎረቤት ሊያስመረምሩ ወጥተው ነበር። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የወደቁበትን ድምፅ ሰባት ቤት ሰምቷል። ሁሉም በየራሱ ምክንያት ሌላው እስኪጀምር ጠበቀ። በሩ ሲሰበር ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢደርሱ ኖሮ የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጀምሮ፣ የእትዬን ፊት አይቶ ሳይጨርሰው ተወው። ልብስ ሰፊው ከቀብር በኋላ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ከላይ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ዕቃ እያነሱ ነው ብዬ አላንኳኳሁም። ተጣልተን ስለነበር ነው» ብለው ለሁሉም ተናገሩ። እትዬ ሰሙ።

በሳምንቱ የብረት በር አስገጠሙ። በወሩ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ «ትርፍ ቁልፍህን ለአንድ ሰው ስጥ» ማለት ጀመሩ። ሰው ተስማማ። ስህተቱ ሁሉም ለአንድ ሰው መስጠቱ ነው፤ ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት ከቤት ወጥተው ስለማያውቁ ከሠላሳ ስድስቱ ሠላሳ አንዱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ተከማቸ። እኚህ ከቤት ወጥተው የማያውቁ እናት በዚያው ሰሞን የእህታቸውን ልጅ ሊጠይቁ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ቁልፎቹ እንዳይሰረቁ በማሰብ ይዘዋቸው ነው የሄዱት። በማግስቱ ክፍል ሠላሳ ውስጥ ቧንቧ ፈነዳ። ሕንፃው ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ወንፊት ሲያንጠባጥብ ቁልፎቹ በአውቶቡስ ላይ አገር ይጎበኙ ነበር።

እትዬ ከዚህ በኋላ ነው ሕጋቸውን ያወጡት፦ ቁልፍህን ለወዳጅህ አትስጥ፤ ለተጣላኸው ሰው ስጥ። «ወዳጅ ይጥለዋል፤ 'የእኔው ነው፣ ይቅር ይለኛል' ይላል። የተጣላህ ሰው ግን 'ጣለብኝ' እንዳይባል እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።» ሰው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ አሰበ። ካሰበ በኋላ ማንን እንደተጣላ መቁጠር ጀመረ። ከማንም ጋር ያልተጣሉ ሁለት አባወራዎች ቁልፋቸውን የሚሰጡት አጥተው ለሳምንት ተቸገሩ፤ በመጨረሻ «ቁልፌን አንተ ካልወሰድክ» ተባብለው እርስ በርሳቸው ተጣልተው ተገላገሉ።

ልጆቻቸው የክፍል ዐሥራ ዘጠኝን ቁልፍ ሲጠይቁ «እናንተ ወዳጆቼ ናችሁ፤ ትጥላላችሁ» ይሏቸው ነበር። ለማን እንደሰጡት ለማንም አልተናገሩም።

ሕጉ ሠርቷል። በእነዚህ ዐሥራ አራት ዓመታት አራት ሰው ከወደቀበት ተነስቷል፣ አንድ ምድጃ ቤት ሳያቃጥል ጠፍቷል፣ ሁለት ሕፃን በሰላም ተወልዷል። የውሃ ፓምፑ ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት በተረሳን ጊዜ እትዬ ስልሳ ሰው አስከትለው ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። የሄዱት በአውቶቡስ ነው። ጡረታ መውጣታቸውን ረስተው ይሁን አስታውሰው፣ «ጠጋ ጠጋ!» እያሉ ሁሉንም ትኬት አስቆረጡ፤ መጨረሻ ላይ የራሳቸውንም ቆረጡ። ኃላፊው «ተወካይ ይግባ» ሲሉ ስልሳውም ገባ። ፓምፑ በማግስቱ ተሠራ።

ስብሰባቸው ደረጃው ላይ ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ መወጣጫ፣ ሁሉም ቆሞ። የተቀመጠ ሰው ንግግር ያበዛል ብለው ስለሚያምኑ መቀመጥ ክልክል ነው። ረጅሙ ስብሰባ ሃያ ደቂቃ ፈጅቷል፤ እሱም ክፍል ሰባት ያሉት አናጢ ስለተናገሩ ነው።

ከስድስት ወር በፊት ሕንፃው ተሸጠ። አዲሱን ባለንብረት እስከ ዛሬ ያየ የለም፤ የምናየው ወኪሉን ነው። ወኪሉ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። በየቤቱ ለብቻ ይገባና «ጎረቤቶችዎ ፈርመዋል፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ» ይላል። ክፍል አምስትና ክፍል ሃያ ሁለት በአንድ ሳምንት ፈርመው ወጡ። ሁለቱም የመጨረሻዎቹ ነን ብለው ነው የፈረሙት። የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ክፍሎቹ ታሸጉ።

ወኪሉ ወደ እትዬ ሲመጣ «እማማ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉና ተረጋግተን እንነጋገር» አላቸው። «ቁጭ ብለው የተነጋገሩት ናቸው ዕቃቸውን ያሰሩት» ብለው በሩ ላይ እንደቆሙ አስቀሩት። በዚያው ቀን ለሰው ሁሉ ትእዛዝ ሰጡ፦ ወኪሉ «ጎረቤቶችህ ፈርመዋል» ባለህ ቁጥር የያዝከውን ቁልፍ ይዘህ ባለቤቱ ጋ ሂድና ጠይቅ። በዚህ ምክንያት ለዓመታት የማይነጋገሩ ሰዎች በየደረጃው መነጋገር ጀመሩ። «ፈርመሃል?» «አልፈረምኩም።» «እሺ።» ንግግሩ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈረመ የለም።

ባለፈው ወር ከቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። በደብዳቤው መሠረት ነገ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ እያንዳንዱን በር ያንኳኳል። ተቆልፎ የተገኘ ክፍል ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። በሩ ተሰብሮ የተገኘም እንደዚያው። ሁለት ክፍል ታሽጓል፤ ሦስተኛ ባዶ ክፍል ከተገኘ ሕንፃው በሙሉ እንዲለቀቅ ለባለንብረቱ ይፈቀድለታል። እትዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብበው «ሠላሳ አራት በር» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢተኙም የተኙ አይመስለንም።

ልባቸው ታሞ ከቆየ ዓመት አልፎታል። ሐኪም ደረጃ መውጣት ከልክሏቸው ነበር። ታዘዙ፤ ቀኑን ሙሉ ሲወርዱ ይታዩ ነበር። ወደ ላይ በምን እንደሚመለሱ የጠየቃቸው የለም። ሴት ልጃቸው በኪራይ ውሉ ላይ ስማቸው ከእናታቸው ጋር የሰፈረ ስለሆነ፣ ዝውውር ጠይቀውና ተፈቅዶላቸው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አብረዋቸው ሊኖሩ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በፊት እትዬ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ። ጎረቤቶች በወንበር አስቀምጠው ለአራት ሆነው ተሸክመው አወረዷቸው። ብዙዎቻችን እትዬን ተቀምጠው ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምድር ቤት ሲደርሱ ለቆመው ሰው «መጣሁ» አሉ። ቦርሳቸው፣ የቤታቸው ቁልፍ በውስጡ እንዳለ፣ ከአምቡላንሱ እስከ ድንገተኛ ክፍሉ ባለው መንገድ ላይ ጠፋ። ልጃቸው ሌላውን ቁልፍ ማን እንደያዘው ሲጠይቋቸው «አትሩጪ፣ የያዘው ሰው ያመጣዋል» ብለው ስለ ፓምፑ ጠየቁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ትናንት ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሐዘኑ ሳይወጣልን፣ ደረጃው ላይ ቆምን። ሴት ልጃቸው የክፍሎቹን ዝርዝር ይዘው ከመጀመሪያው መወጣጫ ላይ መጥራት ጀመሩ። የተጠራው ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሠላሳ ሁለት ቁልፍ ታየ። የጎደሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የክፍል ሠላሳ አንድ ነው፤ ባለቤቱ የጭነት መኪና ሾፌር፣ መንገድ ላይ ናቸው። በስልክ ሲደወልላቸው «የእኔ እትዬ ጋ ነው፤ ቤታቸው ገብታችሁ ውሰዱ» አሉ። ሌላው የእትዬ ቤት የራሱ ቁልፍ ነው። የብረቱ በር ካልተከፈተ ባዶ የሚባለው አንድ ክፍል ሳይሆን ሁለት ነው።

«ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ» ብለው ልጃቸው ደግመው ጠሩ። ከፍ ያለ ቁልፍ አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አንዱ «ወኪሉ እጅ ገብቶ ይሆናል» ብሎ አንሾካሾከ። ሌላው ወኪሉን ልብስ ሰፊው ቤት ሲገባ ማየቱን አስታወሰ። ዓይን ሁሉ ወደ ክፍል ዐሥር ዞረ። ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ሱሪ ሊያሰፋ ነው የመጣው። ሰፋሁለት» አሉ። «አጥሮበታል።»

የሳቀ አልነበረም። ከሸሚዛቸው ሥር የመለኪያ ሜትር ቁራጭ ጎትተው አወጡ። በጫፉ ቁልፍ ታስሯል።

«ያኔ የብረቱ በር በተገጠመ ማግስት መጡ። ቁልፉን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጠው 'መጣሁ' ብለው ወጡ። በዐሥራ አራት ዓመት የነገሩኝ ይኸው አንድ ቃል ነው። ያን ቀን ሳላንኳኳ ቀረሁ፤ እሳቸው ሳላንኳኳ የምገባበትን ሰጡኝ።» ቁልፉን ከፍ አድርገው «ስጠራ ያልመለስኩት ድምፄ እንቢ ብሎኝ ነው» አሉ።

ደረጃው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ግድግዳ ይዞ መንገድ ለቀቀላቸው። ማን እንዳለው ባይታወቅም አንድ ሰው «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። በሩ በአንድ ዙር ተከፈተ። ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፤ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ዕቃ ተቆልሏል። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው የድሮ የትኬት ቦርሳቸው ውስጥ የክፍል ሠላሳ አንድ ቁልፍ ተገኘ። ሠላሳ አራት።

ስለዚህ ለቀብር የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን አልተተከለም። ልታጽናኑን የምትሹ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኑ። በየክፍሉ ተከፋፍላችሁ ትቆማላችሁ። በክፍል ሠላሳ አንድ የሾፌሩ እናት መጥተው ይቆማሉ። በክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ሴት ልጃቸው ይቆማሉ፤ በሩን ልብስ ሰፊው ይከፍታሉ። ተቆጣጣሪው ምን እንደሚጽፍ አናውቅም፤ የምናውቀው የሚያንኳኳው በር ሁሉ እንደሚከፈት ብቻ ነው። ልጃቸው አዲስ ነዋሪ በመሆናቸው እስካሁን የሚጣሉት ሰው አላገኙም። ትናንት ግን ልብስ ሰፊው «እናትሽ ገመዱን በደንብ አልወጠሩትም ነበር» ብለዋቸው ፊታቸው ስለተለዋወጠ፣ ቁልፉ እዚያው በልብስ ሰፊው አንገት ላይ እንዲቆይ ተወስኗል።

እትዬ መጣሁ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት፣ እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ድረስ ደግሞ የሠላሳ አራት በር ጠባቂ ናቸው። ፈጣሪ የቤተሰባቸውን ልብ ያጽና። ነፍሳቸውንም ቀድመው ከገቡት ባለቤታቸው ጎን፣ ማስጠንቀቂያ በማይለጠፍበት፣ ዳግመኛ ማንም «ዕቃዎን ይሰሩ» በማይላቸው ቤት ያኑርልን።